ያለቀ ደብተር ምን ይረባል?

ስለ ነጋዴዎችና ስለ ቤተሰቦች የሒሳብ መዝገብ የቀረበ ሂስ

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት በጁባ ከተማ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ዘንድ ጥቂት ቀናት ሰንብተን ነበር። «ኮር» በዚያ አገር ዐረብኛ ዝናም ሲዘንብ የሚሞላ፣ በጋ ሲሆን የሚደርቅ ጅረት ማለት ነው። ከዘመዶቻችን ደጃፍ ጥቂት እልፍ ሲሉ አንድ የአገራችን ሰው የከፈተው ሱቅ አለ። ማታ ማታ እዚያ ተቀምጠን ስናወጋ ዓይናችንን የሳበው በመደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ ሳይሆን ከባንኮኒው ጥግ በሲባጎ የተንጠለጠለው የዱቤ ደብተር ነበር።

ባለሱቁን አስፈቅደን ገጾቹን ገላለጥን። ፊደሉ የኛ ነው፤ ቃሉ ግን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የጁባ ዐረብኛ ነው። ስኳሩ «ሱካር» ተብሎ ተጽፏል። የተበዳሪዎቹም ስም እንደ ክፍል ስም መጥሪያ ከነአባት ስም የተደረደረ አይደለም። አንዱ «ረጅሙ ባለሞተር» ነው፤ ሌላዋ «የልብስ ሰፊዋ እህት» ናት። ዕዳው ሲከፈል መስመሩ በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል። ከአንዳንዱ ቁጥር ጎን ደግሞ የዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ተጽፏል። ይህን ለምን እንደሚያደርግ ብንጠይቀው ታሪኩን አጫወተን። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የደቡብ ሱዳን ማዕከላዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ ያን ጊዜ ድረስ ወደ 3 ፓውንድ ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ሁሉ በደብተሩ የተጻፈውን ቁጥር ሳይጎድል ተቀብሎ ከሰረ።

«የሞላውን ደብተርስ የት ያኖሩታል፣ ጋሼ?» ብንለው ሳቅ አለና፣ «መምህር፣ ያለቀ ደብተር ምን ይረባል? የተከፈለ ዕዳ ከወረቀትም ከልብም ይውጣ ነው። እሳት እናያይዝበታለን» አለን።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የሚሞክር ነው። አቋማችንን አስቀድመን እንግለጽ። የሒሳብ መዝገብ እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊነበብና ሊሄስ የሚገባው ጽሑፍ ነው። የሚናገረው አለ፤ የሚደብቀው አለ፤ የሚሳሳተውም አለ። ይሁንና ዛሬ በየቤተ መዛግብቱ የምናገኘው አሮጌ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የተረፈው ጥቅሙ ታውቆ አይደለም፤ የተቀመጠበት ቦታ ስላዳነው ነው። ስለዚህ «መዝገቡ ምን ይላል?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ይህ ለምን ተረፈ? የማንስ ጠፋ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። የታሪክ ትምህርታችን ይህን ጥያቄ እምብዛም አይጠይቅም።

ከጠፋው እንጀምር። አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ትቶ በዓደንና በሐረር ነጋዴ እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1887) 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት በግመል አስጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ወደ ሸዋ መጣ። ፒየር ላባቱ የተባለው ሸሪኩ በሸዋ ብዙ ዓመት የነገደና ኢትዮጵያዊት ሚስት የነበረችው ሰው ነው፤ ቅፍለቱ ሳይነሣ ግን ሞተ። ራምቦ አንኮበር እንደ ደረሰ «ላባቱ ገንዘብ ቀርቶበታል» የሚሉ ሰዎች ከበቡት፤ የሟቹም ሚስት የድርሻዋን ጠየቀች። በዚህ ውዝግብ መካከል ራምቦ ከሴትዮዋ ቤት 34 የላባቱ ደብተሮችን አግኝቶ አቃጠላቸው።

ይህን የምናውቀው ከከሳሾቹ አፍ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1887 ራሱ በዓደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ከጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብተሮቹን ላይ ላዩን ሲያያቸው የአንድ ሰው የግል ማስታወሻ እንጂ ቁም ነገር ያለባቸው አልመሰሉትም ነበር። በኋላ ግን በማስታወሻዎቹ መካከል የንብረት ሰነዶች ገብተውባቸው እንደ ነበር ተነገረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የአውሮፓ ባለቅኔዎች አንዱ የሆነው ሰው የነጋዴን ደብተር ማንበብ አልቻለበትም ማለት ነው። ስሕተቱም የአንባቢ ስሕተት ነው። የሒሳብ ደብተር በአንድ በኩል ሒሳብ፣ በሌላ በኩል የሕይወት ታሪክ ተብሎ ተለይቶ የሚጻፍ መስሎት ነበር። የነጋዴ ደብተር ግን እንዲህ አይደለም። ብድሩ፣ ልደቱ፣ ሞቱ፣ የበቅሎው ዋጋና የሠርጉ ወጪ በአንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ።

በራምቦ ላይ ግን ድንጋይ ለመወርወር አንደፍርም። አያታችን የእህልና የጨው ነጋዴ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ የቀረውን ወፍራም ደብተራቸውን ገጽ በገጽ እየገነጠልን የወረቀት ኳስ የሠራንበት እኛው የልጅ ልጆቻቸው ነን። ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «አባባ ሳይከፍሉኝ የሞቱት ብድር አለ» ሲል አያታችን ሴትዮዋ ያንን ደብተር ፈለጉ። ባላቸው እንደ ከፈሉ ያውቃሉ፤ የተሰረዘውንም መስመር በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን ገጹ የለም። ሁለት በጎች ሸጠው ከፈሉ። እኛን አልተቆጡንም፤ «ልጅ ምን ያውቃል» አሉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

አሁን ደግሞ ወደ ተረፈው እንሸጋገር። በጎንደር ዘመን ቤተሰቦች ርስት ሲሻሻጡ፣ ሲሰጣጡና ሲወራረሱ ውላቸውን የሚያሰፍሩት ለብቻው በተዘጋጀ ደብተር ላይ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነበር። የእነዚህ ጽሑፎች አሠራር ለተማሪ ቶሎ የሚገባ ነው። ዘመኑ በንጉሡና በሹማምንቱ ስም ይጠራል፤ ሻጭና ገዢ ይጠቀሳሉ፤ መሬቱና ዋጋው ይነገራል፤ ዋሶችና እማኞች ይዘረዘራሉ። ቃሉን የሚያፈርስ እንዲወገዝ የሚያዝ ጽሑፍም ጥቂት አይደለም። ወንጌልን ማንም አያቃጥልም፤ በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ ውልም ከወንጌሉ ጋር ይኖራል። ከላባቱ ደብተር የሚለየው የጽሑፉ ክብደት ሳይሆን ማደሪያው ነው።

ይህም ማደሪያ ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰበሰቡ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ከወሰዳቸው ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ስለ ቅዱሳት መጻሕፍቱ መወሰድ ብዙ ተነግሯል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከቅዱሱ ቃል ጋር የጎንደር ቤተሰቦች የመሬት ውልም በኅዳጉ ላይ ሆኖ አብሮ መሰደዱ እምብዛም አይነገርም። የአንዲት ጎንደሬ ወይዘሮ ርስት የተሸጠበት ውል የሚነበበው ለንደን ላይ ሊሆን ይችላል።

እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች በሰፊው አሰባስበው ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል ዶናልድ ክራሚ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከኢትዮጵያዊው የታሪክ ምሁር ከሹመት ሲሻኝ ጋር በየአድባራቱ የሚገኙትን ጽሑፎች በፎቶግራፍ እንዲነሡ አድርገዋል። በክርስቲያናዊው የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ነበረው መሬትና ማኅበረሰብ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። የሥራው ትልቅ ብርታት እያንዳንዱን ውል ለብቻው እንደ ብርቅ ነገር ከማሳየት ይልቅ ሁሉንም በአንድነት አኑሮ መጠየቁ ነው። እንዲህ በመደረጉ ሴቶች መሬት ይዘው፣ ሸጠው፣ ገዝተውና አውርሰው በየጊዜው ብቅ ሲሉ እናያለን። ዜና መዋዕል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን በዚህ ስፋት አያገኘውም።

ይሁን እንጂ ጽሑፎቹ በተፈጥሯቸው የባለመሬት ጽሑፎች ናቸው። ሻጭ ስም አለው፤ ገዢ ስም አለው፤ እማኝም ስም አለው። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ግን ውሉ ስሙን አይፈልገውምና አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። ይህ የተመራማሪው ጥፋት ሳይሆን የምንጩ ጠባይ ነው። አንባቢው ግን ምንጩን እንደ ጎንደር ሙሉ ሥዕል ከወሰደው ጥፋቱ የአንባቢው ይሆናል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሌላ መዝገብ አለ። ይኸውም ከመቅደላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ የግብርና የንብረት መዝገብ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ግርማ ሥላሴ አስፋው አዘጋጅተው ለንደን ላይ አሳትመውታል። ጥቅሙ የማያጠራጥር ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ስንናገር ሽጉጡንና ሴባስቶፖል መድፍን ብቻ ለለመድን ሰዎች፣ በዚያ ሁሉ ዘመቻ መካከል ጸሐፊ ተቀምጦ ግብርና ዕቃ ይቆጥር እንደ ነበር ያሳየናል። ሆኖም የግብር መዝገብ ለንጉሡ የገባውን ይነግረናል እንጂ በገበሬው ጎተራ የቀረውን አይነግረንም። መምህሩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስጨብጥ ተማሪው ከብዙ የቃል ጥናት የተሻለ ዕውቀት ያገኛል።

የአቀማመጡ ነገር በአገራችን ብቻ የታየ አይደለም። በግብፅ፣ በፉስጣጥ በሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኵራብ፣ የአምላክ ስም ሊኖርበት የሚችል ወረቀት እንዳይጣል እየተባለ በአንድ ክፍል ሲጠራቀም ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 ሰሎሞን ሼክተር የተባለው ሊቅ አብዛኛውን ወደ ካምብሪጅ ወሰደው። ከጸሎቱና ከቅዱሳት መጻሕፍቱ ቁራጭ ጋር የነጋዴዎች ደብዳቤና ሒሳብ ተገኘ። ጎይታይን የተባለው ተመራማሪ በዚህ ላይ ተመርኩዞ የመካከለኛውን ዘመን የሜዲትራንያን ኑሮ በብዙ ቅጽ ጻፈ። በቀይ ባሕር ወደ ህንድ የሚነግዱት ሰዎች ደብዳቤ የኛን ባሕር ዳርቻ ዳህላክንም ያነሣል። በኢጣልያ የፕራቶ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1410 የሞተው ነጋዴ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ከ500 የሚበልጡ የሒሳብ መዝገቦችና ወደ 150,000 የሚደርሱ ደብዳቤዎች ትቶ ነበር። ብዙ መቶ ዓመታት በቤቱ ውስጥ ተረስተው ኖረው እ.ኤ.አ. በ1870 ተገኙ። አንዱን ያዳነው አምልኮ ነው፤ ሌላውን ያዳነው መረሳት ነው።

ጁባም የራሷ ትምህርት አላት። የደቡብ ሱዳን የቆዩ የአስተዳደር ወረቀቶች ከጦርነቱ ተርፈው፣ በከተማዋ ውስጥ በአንድ ትልቅ ድንኳን ሥር ለዝናብና ለምስጥ ተጋልጠው ዓመታት አሳልፈዋል። በኋላ ባለሙያዎችና የአገሩ ወጣቶች ወረቀቱን ከአቧራ እያራገፉ ለይተው፣ ወደ ተሻለ ቤት አዛውረው፣ በኮምፒዩተር ምስል ማንሣት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ነጻነቱን ያወጀ፣ ስንት አንገብጋቢ ችግር ያለበት አገር ለአሮጌ ወረቀት ጉልበት ማዋሉን ስናይ «ለኛ ጊዜው አልደረሰም» የሚለው ምክንያታችን ይፈርሳል። እኛ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከተቋቋመ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለቤቶች ነን። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ከየቤቱ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች በሙዚየም ተቀምጠው ይጎበኛሉ፤ የተጎዱትም ይጠገናሉ። አንድ ሰው ይህን ያህል ከሠራ አንድ ትምህርት ቤት ምን ያህል ሊሠራ ይችላል?

ደብተሩ ተገኘ እንበል። እንዴት ይነበብ? በኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች አንባቢን ያሳስታሉ።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። በግዕዝ አኃዝ ባዶን የሚያመለክት ምልክት የለም፤ እንደ ዛሬው ቁጥርም የአኃዙ ቦታ ዋጋውን አይወስንም። 345 ሲጻፍ ፫፻፵፭ ነው፤ 68 ደግሞ ፷፰ ነው። ሁለቱን አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፎ መደመር አይመችም፤ ድምሩ ፬፻፲፫ የሚገኘው በቃል ወይም በጣት ወይም በጠጠር ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ መዝገብ ሒሳብ የሚሠራበት ሳይሆን የተሠራ ሒሳብ የሚታወስበት ነው። የድምር ስሕተት ስናገኝ ጸሐፊውን «አላዋቂ» ከማለታችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛው የገንዘቡ ዋጋ ነው። ባለሱቁ በቁጥሩ ጎን ምንዛሪ የሚጽፍበት ምክንያት በአያቶቻችንም ዘመን ነበር። አሞሌ ጨው ከሚወጣበት ከአፋር ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ በሰሜን ያለ አሥር አሞሌና በደቡብ ያለ አሥር አሞሌ አንድ አይደሉም። ማርትሬዛ ብርም ፊቱ ላይ 1780 የሚል ዓመት ቢኖርበት፣ በዚያው ዓመት ምልክት ከመቶ ዓመት በኋላም እየተመታ ወደ አገራችን ይገባ ነበር። ቁጥሩን ብቻ አንብቦ «ያን ጊዜ በሬ ርካሽ ነበር» የሚል ተማሪ ገና አላነበበም። በሬው በስንት ቀን ሥራ፣ በስንት ቁና ጤፍ ይገዛ እንደ ነበር መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛውና ከባዱ ዝምታው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቅፍለት ንግድ ሰው ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድና ከቡና ጋር ዕቃ ሆኖ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ንግድ በሚመዘግብ ሒሳብ ሰው በቁጥርና በዋጋ ይገባል እንጂ በስም አይገባም። መዝገቡ በድምሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እውነቱ ግን ከድምሩ ውጭ ነው። የተሰረዘውም መስመር ቢሆን «ተከፈለ» ይበል እንጂ እንዴት እንደ ተከፈለ አይናገርም። በደስታ ይሁን በጭቅጭቅ፣ በገንዘብ ይሁን በጉልበት ወይም የመጨረሻዋን በግ በመሸጥ፣ ሰረዙ አንድ ዐይነት ነው። ሂስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሐያሲ የተጻፈውን እንደሚመዝን ሁሉ የተተወውንም ይመዝናል።

እንግዲህ ለመምህራን ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየቤቱ ያለቀ የዕቁብ ደብተር፣ የዕድር መዝገብ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የሠርግና የተዝካር ወጪ ዝርዝር አለ። ተማሪዎች ባለቤቱን አስፈቅደው አንድ ገጽ ገልብጠው ያምጡ። ገጹን ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? በስም የተጠራው ማን ነው? በቅጽል ብቻ የቀረውስ ማን ነው? ምን ነገር ሳይጻፍ ቀረ? እያሉ ይወያዩ። የታሪክ መምህሩ ዘመኑን፣ የሒሳብ መምህሩ ቁጥሩን፣ የአማርኛ መምህሩ ቋንቋውን ያስረዳል። ትምህርት ቤቱም ከምስጥና ከእርጥበት የተጠበቀ አንድ ሣጥን ቢያዘጋጅ ሰዎች ፈቅደው የሚሰጡትን ማኖር ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ዕዳ ገመና ነው። በሕይወት ያለ ሰው የተበደረበትን ገጽ ክፍል ውስጥ ማንበብ ትምህርት ሳይሆን ሐሜት ነው። ስሙ ይሸፈን፤ ባለቤቱ «አይሆንም» ካለም ይከበርለት። ባለሱቁ «ከልብ ይውጣ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የተከፈለ ዕዳ መረሳቱ ለጎረቤት ሰላም ነው፤ በቃሉም ውስጥ ደግነት አለ። የኛም ሐሳብ ዕዳው እንዲታወስ አይደለም። ያን ዕዳ የተሸከመው ኑሮ እንዲታወስ ነው።

ከጁባ ከመመለሳችን በፊት በነበረው ምሽት ይህንኑ ለባለሱቁ በቃላችን አጫወትነው። የአያታችንን የሁለት በጎች ነገርም አልደበቅንም። ዝም ብሎ ሰማንና ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ሽፋኑ የተላጠ፣ የሞላ ደብተር አወጣ። «ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ ሱቁን ስከፍት የያዝሁት። ለምን እንዳላቃጠልሁት እኔም አላውቀውም» አለና አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ መልሶ አስቀመጠው።